በላሊበላ ማን፣ የት፣ ምን ይሥራ? የአንዲት ትንሽ ከተማ የግንባታ ክርክር ሲዳሰስ

በላሊበላ ከተማ ስለ ቤት ግንባታ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ቅርስ ይጠበቅ» በሚሉና «ልማት ይቅደም» በሚሉ ወገኖች መካከል እንደሚካሄድ ሙግት ተደርጎ ይቀርባል። ይህ አቀራረብ አንባቢን ያሳስታል። ቅርሱ አይጠበቅ የሚል ነዋሪ በላሊበላ ማግኘት ይከብዳል። ካህኑም፣ አስጎብኚውም፣ ጠላ ሻጯም፣ የሆቴሉ አስተናጋጅም የዕለት እንጀራቸው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጠቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ የሚጠበቀው ነገር ወሰኑ እስከ የት ይደርሳል? ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? የጥበቃውን ወጪስ ማን ይሸከማል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተነጥለው መታየት ሲገባቸው በአንድ ላይ ስለሚነሡ ተከራካሪዎቹ ሳይደማመጡ ይለያያሉ።

ከጉልት እስከ ሊዝ

ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረችው ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ከነገሠው ከዛጉዌው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ ስም ጋር የተያያዙ ናቸው። አሥሩ ዮርዳኖስ በሚባለው መውረጃ ግራና ቀኝ በሁለት ምድብ ተቀምጠዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ፈንጠር ብሎ ይገኛል። መንደሩ የተቆረቆረው በእነዚህ ሁሉ መካከልና ዙሪያ ነው። ይህ አቀማመጥ ለዛሬው ክርክር መነሻ ነው፤ ቅርሱ ዳር ላይ፣ ከተማው መሐል ላይ ቢሆን ኖሮ ብዙው ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ለረጅም ዘመን ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ማን ይኑር የሚለው ጉዳይ የሚወሰነው በቤተ ክርስቲያን የመሬት ሥርዓት፣ በጉልት፣ ነበር። ቦታው በአብዛኛው የደብሩ ስለነበር ቤት የሚቀልሰው ቀዳሹ፣ ደብተራው፣ አገልጋዩና ከእነርሱ ጋር በዝምድና ወይም በጭሰኝነት የተሳሰረው ሰው ነበር። የተጻፈ የግንባታ ደንብ አልነበረም። የቤቱን መጠንና መልክ የሚወስኑት ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ሣሩና የግንበኛው ልማድ ነበሩ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በመንግሥት እጅ ሲያስገባ ይህ ሥርዓት አበቃ። የደብሩ ሥልጣን ወደ ቀበሌና ወደ ማዘጋጃ ቤት ዞረ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ገባች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሮጌው የመሬት ባለቤት ከሥልጣኑ ተነሣ፣ ዓለም አቀፍ ባለ ጉዳይ መጣ፣ በመካከላቸው ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ አፋፍ ላይ የሚኖረው ሰው ምን መሥራት እንደሚችል የሚነግረው ደንብ አልተተካለትም። የዛሬው ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ አደገች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወደ 17 ሺህ ነዋሪ ነበራት። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሎቹና የአስጎብኚነት ሥራው ከገጠር ወጣቶችን ሳቡ። ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው ለልጆች ተከፋፈለ፤ በአንድ ክብ ቤት ቦታ ሦስት አራት ባለ ቆርቆሮ ክፍሎች ተቀጠሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ አዲስ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ብቻ እንዲገኝ ስላደረገ፣ አቅም የሌለው ሰው ሌላ ምርጫ አጥቶ በያዘው ነባር ይዞታ ላይ ተጨናነቀ።

የሚጠበቀው ምኑ ነው?

በላሊበላ «ጥበቃ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም የሚጠይቀው ደንብ ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ዐለቱን ራሱን መጠበቅ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃ የሚጠጣ፣ ሲረጥብና ሲደርቅ የሚላላ ነው። የሚጎዳው ዝናብ፣ የተደፈኑ ጥንታዊ የውኃ መውረጃ ቦዮች፣ ስንጥቆች፣ በስንጥቁ ውስጥ የሚበቅል ሥር ነው። ከዚህ አንጻር የጎረቤት ቤት የሚመረመረው በመልኩ አይደለም። ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? መጸዳጃ ጉድጓዱ የት ተቆፈረ? ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ በየት በኩል ያልፋል? ጥያቄዎቹ የምሕንድስና ናቸው፤ መልሳቸውም በመለኪያ ሊረጋገጥ ይችላል። ባለ ሣር ክዳን የሆነ፣ ውብ፣ ጥንታዊ ቤት ፍሳሹ ወደ ዐለቱ ከሆነ ጎጂ ነው፤ አስቀያሚ የብሎኬት ቤት ፍሳሹ በቱቦ ከወጣ ለዐለቱ ምንም አይለውም።

ሁለተኛው ዙሪያ ገባውን መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር አንድ ሐውልት ከቆመበት ስፍራና ከአካባቢው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም የሚለውን አቋም በዓለም ደረጃ አስያዘ። በዚህ ዓይን ሲታይ ቁመት፣ ቀለም፣ ጣሪያ፣ ከሸንተረሩ ላይ ብቅ የሚል ፎቅ፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሁሉ ጉዳይ ይሆናሉ። እዚህ ላይ መለኪያው ዓይን ነው፤ የማን ዓይን የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣው ጎብኚ የሚያየውና በየማለዳው ኪዳን ለማድረስ የሚወርደው ሰው የሚያየው አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ሕይወቱን መጠበቅ ነው። ላሊበላ ሙዚየም አይደለችም፤ ይቀደስባታል፣ ይዘመርባታል፣ ይቀበርባታል። በገና ሌሊት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በማሜ ጋራ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ከታችም ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከሩቅ ሀገር በእግሩ የመጣው ምእመን የሚያርፈው፣ እግሩ የሚታጠበው፣ ቆሎና ጠላ የሚቀርብለት በዚያው በመንደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ናራ የጸደቀው ሰነድ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በድንጋዩ ብቻ እንደማይለካና አጠቃቀሙ፣ ትውፊቱና መንፈሱም እንደሚቆጠሩ አስታውቋል። በዚህ መለኪያ ነዋሪው ራሱ የቅርሱ አካል ነው፤ እርሱን ማንሣት አንድ ግድግዳ ከማፍረስ ያነሰ ጉዳት አይደለም።

ሦስቱ ሲጋጩ ምን ይሁን? ካህኑ ለቅዳሴ በሌሊት ለመነሣት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መኖር አለበት፤ ቤቱ ግን ፍሳሽ አለው። የሣር ክዳኑ ለዙሪያ ገባው ውበት ነው፤ እሳት ቢነሣ ግን በተጠጋጋ መንደር ውስጥ አደጋ ነው። እስካሁን የተደረጉት ክርክሮች አንዱን ዓላማ ጠርተው የሌላውን ማስረጃ ያቀርባሉ። ለዙሪያ ገባው መልክ የታሰበ ክልከላ ዐለቱን ለማዳን ነው ተብሎ ሲነገር ነዋሪው አያምንም፤ አለማመኑም ትክክል ነው።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

በሀገር አቀፍ ደረጃ ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አዋጁ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፣ ጥገና ከመደረጉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ይጠይቃል፣ አንድ አካባቢ የተከለለ የቅርስ ስፍራ ተብሎ የሚሰየምበትን መንገድም ያስቀምጣል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊረዳ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን «ሊረዳ ይችላል» እንጂ «ይረዳል» አይልም። ግዴታው በነዋሪው ላይ የጸና ሲሆን እርዳታው በፈቃድ ላይ የቆመ ነው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ሲመድብ ኃላፊነቱን በተወሰነ ደረጃ አጥርቷል፤ የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 እና የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ደግሞ የፕላንና የግንባታ ፈቃድን አጠቃላይ ሥርዓት ዘርግተዋል።

ለላሊበላ የተለየው ነገር የት አለ? የዩኔስኮ የቅርሱ መግለጫ ይህን በግልጽ አንሥቶታል። ከአጠቃላይ አዋጁ በስተቀር ለአብያተ ክርስቲያናቱ የተለየ የሕግ ማዕቀፍ እንደሌለ፣ ረቂቅ አዋጅ ተዘጋጅቶ ገና እንዳልጸደቀ፣ የባለ ድርሻ አካላት ቅንጅት ደካማ እንደሆነ፣ ለዙሪያ ገባው ጠንከር ያለ የፕላን ቁጥጥር እንደሚያስፈልግና የአካባቢው ሕዝብ መሳተፍ እንዳለበት ጽፏል። በስጋትነት ከዘረዘራቸው መካከል በአብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ የሚካሄደው የመንግሥትና የግል ግንባታ፣ የመንደሩ ቤቶችና የቱሪዝም መሠረተ ልማቱ ይገኙበታል። ስጋቱ የነዋሪው ጎጆ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የመንግሥት ሕንፃና ሆቴልም አብረው ተጠቅሰዋል።

ግልጽ ደንብ ባልጸናበት ቦታ ክልከላ ግን አለ። ክልከላና ደንብ አንድ አይደሉም። ደንብ የሚባለው «ከዚህ መስመር ወዲህ አንድ ፎቅ፣ ግድግዳው ከቀይ ድንጋይ፣ ጣሪያው እንዲህ ባለ ቀለም፣ ፍሳሹ በዚህ ቱቦ» ብሎ የሚፈቅደውን ጭምር ይናገራል። ክልከላ ግን «አይቻልም» ብሎ ያቆማል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ሰውም ወይ እያፈሰሰበት ይኖራል፣ ወይ በሌሊት ቆርቆሮ ይመታል። ቅርስ ተቆርቋሪው ደግሞ የሌሊቱን ቆርቆሮ አይቶ ሕዝቡ ቅርስ አይወድም ይላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ እዚህ ላይ ለንጽጽር ትጠቅማለች። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የታሪካዊ ሰፈር ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1931 የደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ነበረች፤ አሌክሳንድርያም ለአሮጌው ከተማዋ በ1946 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። እዚያ ደንቡ ላላ ያለ አይደለም፤ መስኮት ለመቀየር እንኳ የሚያስፈቅድ ነው። ነገር ግን ቦርዱ በአደባባይ ይሰበሰባል፣ መመሪያው ታትሞ ይገኛል፣ ውሳኔው በምክንያት ይሰጣል፣ ቅር ያለው ይግባኝ ይላል። የእነርሱን የመስኮት መመሪያ ወደ ላስታ አምጡ አይባልም። መጠየቅ ያለበት ሥነ ሥርዓቱ ነው፦ የታወቀ መስፈርት፣ የጊዜ ገደብ ያለው መልስ፣ የይግባኝ በር።

ክብ ቤቱና ቆርቆሮው

የላስታ ክብ ቤት ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ የሚገነባ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ደርብ ነው። የታችኛው ክፍል ለከብት ወይም ለዕቃ፣ የላይኛው ለሰው ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ከውጭ ባለ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ጣሪያው ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው። የዩኔስኮ መግለጫም ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲናገር እነዚህን ቤቶች ለይቶ ያነሣል። ይሁን እንጂ የተመዘገበው ቅርስ አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው፤ ክብ ቤቶቹ የዙሪያው አካል ናቸው።

ይህ ልዩነት ተደጋግሞ ይዘነጋል። በሐረር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው በግንብ የታጠረው ጀጎል ራሱ ነው፤ 82ቱ መስጊዶች፣ 102ቱ የወሊ ሥፍራዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹና የሐረሪ ቤቶች ውስጣዊ አሠራር በአንድ ላይ ቅርሱ ናቸው። በጀጎል አንድ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ከቅርሱ አንድ ቁራጭ አፈረሰ ማለት ነው። በላሊበላ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ዙሪያውን ለወጠ እንጂ የተመዘገበውን አልነካም። ስለዚህ ሐረር ላይ አሳማኝ የሆነ ጥብቅ ደንብ ላሊበላ ላይ በዚያው ምክንያት ሊጸድቅ አይችልም፤ ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

በማሊዋ ጄኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በተመዘገበችው የጭቃ ከተማ፣ ነዋሪዎች ቤታቸውን በየዓመቱ በጭቃ መምረግ ስለከበዳቸው ግድግዳውን በሸክላ ንጣፍ መሸፈን ጀመሩ፤ የቅርስ ሰዎች ተቃወሙ፤ ነዋሪውም በዓለም ቅርስ ስም በድህነት እንድንኖር ተፈረደብን ሲል አማረረ። የጄኔ ክርክር ከሣር ክዳኑ ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል። ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። የክዳን ሣር የሚገኝበት ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ ሸክሙ ይወደዳል፣ ከዳኝ ጠፍቶ ይፈለጋል። ቆርቆሮ ግን አንዴ ከተመታ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ዝናቡን በአሸንዳ ሰብስቦ ለመጠቀም ያስችላል፣ እሳት አይፈራም። ቆርቆሮን የሚመርጥ ሰው አርቆ አስቦ ነው የመረጠው።

የጥበቃው ወገንም ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። ክብ ቤቶቹ ከጠፉ የመንደሩ ግንባታ ጥበብ አብሮ ይጠፋል፤ ድንጋይ በጭቃ ደራርቦ ሁለት ደርብ ማቆም የሚችል ግንበኛ አንድ ትውልድ ሥራ ካጣ እውቀቱ አይመለስም። ደግሞም ጎብኚ የሚመጣው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቢሆንም በብሎኬት ፎቆች የተከበበ ቤተ ጊዮርጊስ ያው አይሆንም። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ጠንካራ ናቸው። የማያስኬደው ጥበቡ እንዳይጠፋ የሚከፈለው ዋጋ ሁሉ በአንዲት መበለት ጣሪያ ላይ እንዲወድቅ ማድረጉ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1962 የማልሮ ሕግ በሚባለው አሮጌ ሰፈሮችን ስትከልል፣ ክልከላው በኋላ ከግብር ቅናሽ ጋር ተያይዟል። በላሊበላ የሣሩን ዋጋ፣ የከዳኙን ደመወዝ ማን ይክፈል የሚለው ሳይመለስ ስለ ጣሪያ ዓይነት መወሰን ግማሽ ሕግ ነው።

ገንዘቡ የለም ማለትም አይቻልም። የውጭ ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ይገባል፤ ከዚያም ብዙ አገልጋዮች ይተዳደራሉ። የሆቴል ግብሩ ለመንግሥት ይገባል። ክልከላውን የሚሸከመው ባለ ጎጆ ግን ከሁለቱም በቀጥታ የሚደርሰው የለም። በኮቪድ ወረርሽኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተማዋ በጦርነት በተያዘችባቸው ወራትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ጎብኚው ሲቀር ደግሞ «ቱሪዝሙ ይክሳችኋል» የሚለው የቆየ ተስፋ ምን ያህል በቀጭን ክር የተንጠለጠለ እንደነበር ታየ። ክልከላው በጎብኚ እጦት ምክንያት አልተነሣም፤ ገቢው ግን ቆመ።

ማስነሣት

ከክርክሮቹ ሁሉ ከባዱ ነዋሪን ማስነሣት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው የኢትዮጵያ ዘላቂ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት አማካይነት በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎች ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። አብዛኞቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ጥቂት ክብ ቤቶች በቅርስነት እንዲቆዩ ተደረገ።

የማስነሣቱ ደጋፊዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ፍሳሹና መጸዳጃው ከዐለቱ ይርቃል፤ የእሳት አደጋ ይቀንሳል፤ ለገናና ለሌሎች በዓላት የሚመጣው እጅግ ብዙ ሕዝብ መተንፈሻ ቦታ ያገኛል። አራተኛም አለ፦ በተጨናነቀ፣ ውኃና መብራት በማይገባበት ግቢ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ሰፋ ያለ ቦታና የይዞታ ካርታ አግኝቷል። ይህን እንደ ጥቅም የሚቆጥሩ ተነሺዎች መኖራቸው አያጠራጥርም።

ተቃዋሚዎቹ ከኑሮው ይነሣሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆና ጠላ፣ ሻማና ጧፍ የምትሸጥ ሴት ራቅ ወዳለ አዲስ ሰፈር ስትሄድ ያጣችው ደንበኛዋን ነው። አረጋዊው ካህን ያጣው በሌሊት የሚራመደውን አጭር መንገድ ነው። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ጽዋው ተበተነ። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የካሳ አዋጅ 455/1997 የሚያሰላው በመሬቱ ላይ የሰፈረውን ንብረት እንጂ ይህን ዓይነቱን ኪሳራ አልነበረም። በኋላ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንና የኢኮኖሚ ጉዳትን በካሳ ውስጥ ማስገባቱ የቀድሞው ስሌት ጎደሎ እንደነበር ሕግ አውጪው ራሱ የመሰከረበት ነው፤ ቀድመው የተነሡትን ግን ወደ ኋላ ሄዶ አይክስም። ፈረንሳዊቷ የጂኦግራፊ ተመራማሪ ማሪ ብሪዶኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ላሊበላ ባሳተመችው መጽሐፍ ከተማዋ ቅዱስ ስፍራ፣ የዓለም ቅርስና የቱሪስት መዳረሻ በመሆኗ እንዴት እንደተቀየረች በሰፊው ተንትናዋለች፤ የነዋሪዎቹ መነሣትም የዚሁ ለውጥ ክፍል ነው።

በግብፅ ሉክሶር አጠገብ በጥንታውያን መቃብሮች ላይ የሰፈረችው የጉርና መንደር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነች። ታዋቂው አርክቴክት ሐሰን ፋትሒ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለነዋሪዎቿ አዲስ መንደር በጭቃ ጡብ ሠራላቸው፤ እነርሱ ግን አብዛኞቹ አንሄድም አሉ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ መንግሥት አሮጌውን መንደር አፈረሰው። በጉርና ቤቶቹ በቀጥታ በመቃብሮቹ አናት ላይ ስለነበሩ የማስነሣቱ ምክንያት ከላሊበላው ይጠነክራል፤ ያም ሆኖ ስምምነት ሊገኝ አልቻለም።

ማስረጃውን ስመዝነው ለማስነሣት የቀረበው የዐለት ጥበቃ ምክንያት ብቻውን የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም። ዋናው ጉዳት ከሰማይ የሚወርደው ዝናብና የውኃ ቦዮቹ መደፈን መሆኑ ከታወቀ፣ ፍሳሽ በቱቦ ማውጣትና ቦዮቹን መጥረግ ሰው ሳያነሣ ሊሠራ የሚችል ነበር። የበዓሉ ሕዝብ ቦታ ማጣቱ ግን እውነተኛ ነው፤ መተንፈሻ ቦታ መክፈት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ይነሡ ወይስ አይነሡ» ሳይሆን «የትኞቹ ቤቶች፣ በየትኛው ምክንያት» መሆን ነበረበት። እንዲህ ቤት በቤት የተለየ ምክንያት ለነዋሪው ቢነገር ኖሮ ዛሬ ያለው ቅሬታ ያን ያህል ባልሰፋ።

ባለሙያ ሲሳሳት

ነዋሪው የባለሙያን ቃል ለምን ይጠራጠራል የሚለው መልስ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመከላከል ሬንጅ ነክ ቅብ ተቀቡ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገና ያንኑ ቅብ ማስወገድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ። ዝናቡን አስቀሩ፤ ግን ለጊዜው የተባሉት መጠለያዎች ዓመታት ሲያስቆጥሩ ክብደታቸውና ነፋስ ሲያናውጣቸው ምሰሶዎቻቸው በዐለቱ ላይ የሚያደርሱት ጫና አሳሳቢ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪዎች መጠለያዎቹ ይነሡልን ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ሲጎበኙ ለጥበቃው ትብብር ተጀመረ።

ይህ ታሪክ ከቤት ግንባታ ደንቡ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። የነዋሪው ጣሪያ ዙሪያ ገባውን ያበላሻል ሲባል፣ ከሩቅ የሚታየው ትልቁ ጣሪያ ግን የመጠለያው ነበር። ነዋሪው አጥብቆ የሚጠይቀው እኩልነትን ነው፦ ደንቡ ለጎጆውም፣ ለሸንተረሩ ሆቴልም፣ ለመንግሥት ቢሮም፣ ለለጋሹ ፕሮጀክትም ይሥራ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የታሪካዊ ከተሞች ጥበቃ ቻርተር የነዋሪዎች ተሳትፎ ለጥበቃው ስኬት አስፈላጊ ነው ይላል፤ ላሊበላ ላይ ግን ሕዝቡ በስፋት የተሰማው በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በሰልፍ ነበር።

ገና ያልተቋጩት

በቅርሱ ዙሪያ የሚከለለው የጥበቃ ቀጠና፣ ማለትም የቡፈር ዞኑ፣ ወሰን የት ላይ ይሁን የሚለው ከሁሉ ይቀድማል። ወሰኑ በዐለቱና በውኃው መንገድ ከተሰመረ ጠባብና የሚለካ ይሆናል፤ በዓይን እይታ ከተሰመረ እስከ ተራራው ጫፍ ሊሄድ ይችላል። ሁለት ወሰን ማውጣት፣ አንዱን ለፍሳሽና ለቁፋሮ፣ ሌላውን ለቁመትና ለጣሪያ ብቻ፣ እስካሁን ከቀረቡት ሐሳቦች ይልቅ ለነዋሪው የሚያቀል ይመስለኛል፤ በሁለተኛው ክልል ውስጥ ያለ ሰው ጓዳውን እንዳይቀጥል የሚከለክለው ምክንያት የለምና።

የደብሩ ድርሻም አልተለየም። ቤተ ክርስቲያን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመሬቱ ጌታ ባትሆንም የቅርሱ ባለቤትና ዕለት ተዕለት ጠባቂ ነች። በፈቃድ አሰጣጡ ላይ ድምፅ ይኑራት የሚሉ አሉ፤ ያ ከሆነ ክርስቲያን ያልሆነው ነዋሪና ነጋዴ ጉዳዩን ለማን ያቅርብ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሥጋት ተገቢ ነው።

ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘው ግን ቤቶቹ የፈረሱበት ባዶ ቦታ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን እንዳለ ክፍት ይቆይና በበዓል ሕዝቡ ይረፍበት ይላል። ሌላው ዛፍ ይተከልበት ይላል፤ የዛፍ ሥር ግን ለዐለቱ ጠላት ነው። ሦስተኛው ወገን በጥንቱ አሠራር ጥቂት ክብ ቤቶች በተቆጠረ ቁጥር፣ ፍሳሻቸው ተጠርጎ፣ ለአገልጋይ ካህናትና ለአቅመ ደካሞች ይመለሱ፣ ግንበኛውም ከዳኙም ሥራ ያግኝ ይላል። ይህኛው ዐለቱንም፣ ዙሪያ ገባውንም፣ ሕይወቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስብ ብቸኛው ሐሳብ ነው፤ የሚፈተነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተነሥተው ወደ ኩራኩር ከሄዱት መካከል ማን ይመለስ፣ በምን መስፈርት፣ ማን ይምረጥ?